በየስምንቱ የሚጠፋ ቁልፍ

አንዲት እህት ከኮምቦልቻ እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦

«አባቴ ሠርግ ላይ ይጫወትበት የነበረ ባለ 61 ቁልፍ አሮጌ ካሲዮቶን ኪቦርድ አለኝ። እሱ ካረፈ ወዲህ 6 ዓመት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሰሞኑን አወረድኩት። ውስጡ የቀሩት የባትሪ ድንጋዮች ፈስሰው ነጭ ዱቄት ሠርተው ስለነበር በጨርቅ ጠረግኩት። የዋይፋይ ቻርጀር ስሰካበት ምንም አልበራም። አዲስ ድንጋይ ሳስገባ ግን በራ። 8 ቁልፎች ጭራሽ ድምፅ የላቸውም። ከግራ ስቆጥር 4ኛው፣ 12ኛው፣ 20ኛው፣ 28ኛው፣ 36ኛው፣ 44ኛው፣ 52ኛው እና 60ኛው ናቸው። ሌሎች አምስት ስድስት ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ካልተጫንኳቸው አይሰሙም። ድምፅ መጨመሪያውን ሳንቀሳቅሰው ይንጫጫል። ከጎረቤት በተዋስኩት ሌላ ቻርጀር ሲሠራ ደግሞ ከሥር እንደ ንብ ያለ ድምፅ አለው። አንድ ጠጋኝ ‹ዋናው አይሲ ተቃጥሏል፣ አትድከሚ› አለኝ። እውነት አበቃለት?»

አላበቃለትም እህቴ። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። መልሱ አንቺው ቆጥረሽ በላክሽው ቁጥር ውስጥ አለ። 4፣ 12፣ 20፣ 28። በየስምንቱ ነው የሚዘለው። እርጅና እንዲህ ቆጥሮ አይመታም። አቧራም ቆጥሮ አይገባም። እኩል እየዘለለ የሚጠፋ ነገር ካየሽ ችግሩ የ8 ቁልፎች ሳይሆን የአንዲት መስመር ነው።

ደሴ ላይ ሬዲዮ፣ ቴፕና ኪቦርድ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «ተቃጥሏል» ተብለው ከመጡልኝ ኪቦርዶች አብዛኞቹ አልተቃጠሉም። ድንጋይ ፈስሶባቸዋል፣ የማይሆን ቻርጀር ተሰክቶባቸዋል፣ ወይም ቆሽሸዋል። አይሲ፣ ማለትም የኪቦርዱን ሥራ የሚመራው ባለ ብዙ እግር ጥቁር ዕቃ፣ ተቃጠለ የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ሲያልቅ ነው። ያንቺው ላይ 53 ቁልፎች ድምፅ አላቸው። ዋናው አይሲ ቢሞት ኖሮ አንዳቸውም አይሰሙም ነበር። አንድ እግሩ ብቻ ሊሞት ይችላል፤ ያ ግን መጨረሻ ላይ የሚጠረጠር ነገር ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ። እሱን ካወቅሽ የፍለጋው ግማሽ አለቀ። 61 ቁልፍ ስላለ 61 ሽቦ ወደ ዋናው ቦርድ አይሄድም። ሽቦ ለመቆጠብ መረብ ይሠራል። 8 መስመር በአግድም፣ 8 መስመር በቁመት። 8 በ8 64 መገናኛ ይሰጣል፤ ለ61 ቁልፍ ይበቃል። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ አግድምና አንድ ቁመት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። አይሲው መስመሮቹን በየተራ፣ በጣም በፍጥነት እየዞረ ይፈትሻል። የትኛው መገናኛ እንደተነካ ያያል፤ ድምፁን ያወጣል። አንድ የቁመት መስመር ሲቆረጥ ከየምድቡ አንድ አንድ ቁልፍ ይጠፋል፤ ልክ እንዳንቺው። የአግድሙ ሲቆረጥ ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ 8 ቁልፎች አብረው ዝም ይላሉ። በሌላ ሞዴል ቁጥሩ 6 ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ለዚህ ነው ኪቦርድ ለተበላሸበት ሰው ሁሉ ካቻቪቴ ከማንሳትህ በፊት እስክሪብቶ አንሳ የምለው። አንቺ ይህን ሳይነግሩሽ አድርገሽዋል።

ሲጫወቱት ግን ግራ ያጋባል። መሃል ላይ ካለው ዶ ተነስተሽ ትዝታን ብትሞክሪ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሁሉም አሉ። አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም 12 ቁልፍ፣ ወደ ግራ ስትወርጂ ግን ሶል የለችም፤ 20ኛዋ ቁልፍ እሷ ናት። ባቲን እዚያው መሃል ላይ ብትሞክሪ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ብለሽ ሲ ላይ ስትደርሺ ትከዳሻለች፤ 36ኛዋ ናት። አንዱ ቅኝት ይሄዳል፣ ሌላው መንገድ ላይ ይሰበራል። ኦክታቭ በ12 ስለሚሄድ፣ መረቡ ደግሞ በ8 ስለሚሄድ ነው። አባትሽ የሠርግ ሰው ነበር ብለሻል። ባቲ ሳይነካ የሚያልቅ የወሎ ሠርግ እኔ አላየሁም። ስለዚህ ያቺን ሲ ማግኘት አለብን።

ከመክፈትሽ በፊት የኃይሉን ነገር እንጨርስ።

የዋይፋይ ቻርጀሩን ሁለተኛ እንዳትሰኪው። የዋይፋይ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ የመሰኪያው መሃል ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። የድሮ ካሲዮ አብዛኛው 9 ቮልት ነው፣ መሃሉም ኔጌቲቭ ነው። ቮልቱም አቅጣጫውም አልገጠመም ማለት ነው። በኋላ በድንጋይ መብራቱ የውስጡ መከላከያ ዳዮድ እንዳዳነው ይነግረኛል። ዳዮድ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። አንድ ጊዜ አድኗል፤ ሁልጊዜ ግን አያድንም።

ትክክለኛውን ለማወቅ ከቻርጀር መሰኪያው ቀዳዳ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሥዕል እይ። መሃል ላይ ነጥብ አለ፣ ዙሪያውን ግማሽ ክብ፣ ከሁለቱ በተሳለ መስመር ጫፍ ላይ ፕላስና ማይነስ። ከነጥቡ ጋር የተገናኘው ማይነስ ከሆነ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። የቮልቱ ጽሑፍ ከተፋቀ ደግሞ የድንጋይ ማስቀመጫውን ቁጠሪ። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። 6 የሚይዝ ከሆነ 9 ቮልት፣ 5 የሚይዝ ከሆነ 7.5 ቮልት ነው። ይህች ብልሃት ወረቀቱ በጠፋበት ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ አድናኛለች። የጎረቤትሽን ቻርጀር በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስትለኪው 9 ተብሎ 12 ወይም 13 ቢያሳይ አትደንግጪ። የድሮው ከባድ ቻርጀር ሥራ ሳይጫንበት ከፍ ብሎ ያነባል። ዕቃው ላይ ሲሰካ ይወርዳል።

ንቡም ከዚሁ ከቻርጀር ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም። በድንጋይ ሲሠራ መኖሩን አልጻፍሽልኝም። ጆሮሽን ስፒከሩ ላይ አድርገሽ ስሚ። በድንጋይ ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ቻርጀሩ ውስጥ ሲቀየር እጥፍ ሆኖ 100 ይወጣል፤ ያንን ማለስለስ ያለበት ካፓሲተር ሲደርቅ ድምፁ ወደ ስፒከር ያመልጣል። በጆሮሽ ልታረጋግጪው ትችያለሽ። ፒያኖ ድምፅ ላይ አድርገሽ ከግራ 8ኛዋን ቁልፍ ንኪ። ሶል ናት፣ 98 ኸርዝ አካባቢ። ንቡ ከእሷ ጋር ከተቀራረበ የመብራት ድምፅ ነው። እንግዲያው ቻርጀር ቀይሪ እንጂ ኪቦርዱን አትንኪ። በድንጋይም ካለ ግን ውስጥ ያለ ካፓሲተር ደክሟል። ሲቀየር ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። አካሉ ላይ የተሰመረው መስመር ያለበት እግር ማይነስ ነው። ተገልብጦ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንምጣ። የፈሰሰው ድንጋይ።

በጨርቅ መጥረግሽ ጥሩ ነው፤ ግን ላይ ላዩን ነው። ያ ፈሳሽ ባለበት አይቀመጥም። በሽቦው ልባስ ውስጥ ለውስጥ እየተሳበ ይሄዳል፣ ቦርዱ ላይ ያለውን የመዳብ መስመር ይበላል። ከድንጋይ ማስቀመጫው አንድ ስንዝር ርቆ ያለ ሽቦ ልባሱን ስልጠው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ብቻ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው የሚመስለው። ያንቺም መስመር እዚህ አካባቢ ሳይቆረጥ አልቀረም።

ምን ዓይነት ድንጋይ እንደነበር አስታውሺ። ልባሱ ላይ አልካላይን የሚል ከነበረ የፈሰሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። የእሱን ኃይል ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ያረክሰዋል። ጥጥ ነክረሽ ጠብ ጠብ አድርጊበት፤ እስኪረጋጋ ጠብቂ፤ በንጹህ ውሃ በራሰ ጥጥ አንሺው፤ በመጨረሻ በአልኮል ጥረጊው። ተራው ርካሹ ዚንክ ካርቦን ከሆነ ግን የሚያፈሰው አሲድነት ያለው ነገር ነው። እዚያ ላይ ሎሚ መጨመር ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ለእሱ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ይበቃል። ካላወቅሽ ውሃና አልኮል ብቻ ተጠቀሚ። ጓንት አድርጊ። በእጅሽ ዓይንሽን አትንኪ።

አልኮሉ በተቻለ መጠን ውሃው ያነሰ ይሁን። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ይሠራል፤ ሲሶው ያህል ውሃ ስለሆነ ግን አንድ ቀን ሙሉ አድርቂው። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል በፍጹም አይሆንም። ግሊሰሪን ስላለው የሚያጣብቅ ነገር ትቶ ይሄዳል። በኮሮና ጊዜ ሰው ቤቱ የተረፈውን ሳኒታይዘር ዕቃ ላይ እየቀባ ያመጣልኝ ነበር፤ ያንን ማጽዳት ከዋናው ብልሽት በላይ አድክሞኛል።

ስትከፍቺው ብርድ ልብስ አንጥፈሽ ቁልፎቹን ወደ ታች ገልብጪው። ካርቶን ላይ የኪቦርዱን ጀርባ ንድፍ ሳዪ፤ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑ ላይ ስኪው። ብሎኖቹ እኩል አይረዝሙም። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባሽው ከላይ በኩል ፕላስቲኩን ይበሳል። ክዳኑን በኃይል አትሳቢ፤ ስፒከሮቹ በአጭር ሽቦ ታስረዋል። እንደ መጽሐፍ ቀስ ብለሽ ግለጪው። በየደረጃው በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ያንቺ ኪቦርድ በድንጋይና በቻርጀር የሚሠራ ስለሆነ ውስጡ የሚያስፈራ ኤሌክትሪክ የለም።

ካሲዮ በ1957 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በካልኩሌተር የተቋቋመ ድርጅት ነው። የመጀመሪያውን ካሲዮቶን ያወጣው በ1980 ነው። ስትከፍቺው ከካልኩሌተር ቤት እንደመጣ ይታያል። ጥቂት አይሲ፣ ከቁልፍ ሥር የላስቲክ መጫኛ፣ ቀለል ያለ ቦርድ። ለጠጋኝ ደግ ዕቃ ነው።

ሁለት ቦርድ ታያለሽ። አንዱ ቁልፎቹ ሥር የተዘረጋው ረጅሙ ነው። ሌላው አይሲው ያለበት ዋናው ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ጠፍጣፋ ገመድ አለ፤ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ጎን ለጎን የተጣበቀበት። መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ። ድንጋይ አስገብተሽ አብሪው። አንድ ሰው 36ኛዋን ቁልፍ ተጭኖ ይያዝልሽ። አንቺ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ገመዱን ጫፍና ጫፉ ላይ ቀስ እያደረግሽ ግፊው። ሲ ብልጭ ብላ ከተሰማች ቦታውን አገኘሽው። ብዙ ጊዜ ሽቦው ቦርዱ ላይ የተበየደበት ሥር ላይ ነው የሚሰነጠቀው። በስልክ ካሜራ አጉልተሽ ስታይው በሊዱ (በብየዳው) ዙሪያ ፀጉር የምታህል ጥቁር ክብ ትታያለች።

ካልተሰማ ድንጋዩን አውጪና መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጠው ቦታ ላይ አድርጊው። የገመዱን እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሺ። ጢት ያለው ደህና ነው። ዝም ያለው ጥፋተኛው ነው። ሁሉም ጢት ካሉ የቁልፎቹን ቦርድ ገልብጪና ከገመዱ ተነስቶ ወደ 4ኛው፣ ከዚያ ወደ 12ኛው ቁልፍ የሚሄደውን መስመር ተከተዪ። አረንጓዴ የለበሰ ወይም የጠቆረ ቦታ ላይ ትደርሻለሽ። እዚያ ላይ የተበላውን መዳብ ለማዳን አትታገዪ። ከደህናው ቦታ እስከ ደህናው ቦታ ቀጭን ልባስ ያለው ሽቦ በየጂበት። የመበየጃው ብረት 30 ወይም 40 ዋት ይበቃል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነክተሽ አንሺ። ከዚያ በላይ ከቆየ መዳቡ ከቦርዱ ይላቀቃል። ብየዳ ነክተሽ የማታውቂ ከሆነ ይህችን ብቻ ለሚችል ሰው ስጪ። የተቆረጠውን መስመር ካሳየሽው የሩብ ሰዓት ሥራ ናት።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ተነጥሎ ቢጠፋ፣ ላስቲኩም ንጹህ ቢሆን፣ እዚያው አጠገቡ ያለችውን ትንሿን ዳዮድ ነው የምትለኪው። በአንድ አቅጣጫ 0.6 አካባቢ፣ ሲገለበጥ ምንም ማንበብ የለባትም። ያንቺ ስምንቱ አብረው ስለጠፉ ዳዮድ አይደለም።

ጠበቅ ሲደረጉ ብቻ የሚሰሙት አምስት ስድስት ቁልፎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱ ቆሻሻ ናቸው። የቁልፎቹን ቦርድ ስትፈቺ ረጅም የላስቲክ ጥብጣብ ታያለሽ። እያንዳንዱ ጉብታ ውስጥ ጥቁር የካርቦን ነጥብ አለች። ቁልፉ ሲጫን ነጥቧ ቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት ጥቁር መስመሮች ታገናኛለች። መሃላቸው አቧራ፣ የሻይ ስኳር ወይም የላብ ቅባት ሲገባ መገናኘት ያቅታቸዋል። ላስቲኩን ቀስ ብለሽ ንቀዪው። የትኛው ጫፍ ወደ ግራ እንደነበር ምልክት አድርጊ። አልኮል በነካ ጥጥ ነጥቦቹን በቀላሉ ዳብሺ፤ የቦርዱንም ጥቁር መስመር እንዲሁ። ጥጡ ሲጠቁር ቀይሪ። ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አትመላለሺበት፤ የሚነሳው ካርቦኑ ራሱ ይሆናል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንሽ የብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኪ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የአንድ አዝማሪ ኪቦርድ ላይ ካርቦኑን «ላጽዳ» ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። 3 ቁልፍ ለዘላለም አጠፋሁበት። ካርቦኑ ቀለም ነው፤ ከተነሳ ተነሳ ነው። ሰውየው ምንም አላለኝም፤ እስከ ዛሬ ግን ከልቤ አልወጣም። ዝገት የሚያስለቅቅ ዘይትም አትርጪ፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። በመልቲሜትር ብትለኪ ደህና ነጥብ ከጥቂት መቶ ኦም አይበልጥም። ብዙ ሺህ ካነበበ ደክሟል። ለጊዜው የለስላሳ እርሳስ ጥቁሩን ብትቀቢበት ወራት ይሠራል፤ ሠርግ ለደረሰበት ሰው ይሆናል። ዘላቂው ግን ከሞተ ተመሳሳይ ኪቦርድ ላስቲኩን መውሰድ ነው። የሞቱ ኪቦርዶችን የማልጥለው ለዚህ ነው።

ድምፅ መጨመሪያው ቀላል ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ በስንጥቁ በኩል አንዴ ፊስ አድርጊና 30 ጊዜ ያህል ከጫፍ እስከ ጫፍ አመላልሺው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውንም አትርሺ። እሱ ውስጥ ስፒከሩን የምታጠፋ ትንሽ ምላስ አለች። ስትዝግ ስፒከሩ ይቆራረጣል ወይም ዝም ይላል። መሰኪያ አስገብቶ ማውጣት፣ 20 ጊዜ፣ ብዙዎችን አድኗል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ደግሞ ይስሙኝ። የ1983ቱን ያማሃ ዲኤክስ 7ን የመሰሉ፣ ቀጥታ ከግድግዳ መብራት የሚሰኩ ኪቦርዶች ውስጣቸው 220 ቮልት ይገባል። እነሱን ከሶኬት ሳትነቅሉ አትክፈቱ። ከጃፓን ወይም ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ 100 ወይም 120 ቮልት ይል እንደሆነ ሳታዩ አትሰኩ። ዲኤክስ 7 ውስጥ የተበየደችው የ3 ቮልት ክብ ባትሪም ስታልቅ የተቀመጡት ድምፆች ይጠፋሉ፤ ያኔም «ተበላሸ» ይባላል። ባትሪ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ደሴ ይዘሽው ለመምጣት ካሰብሽ ደስ ይለኛል። በክረምት ከሆነ ግን መመለሻውን አስቢበት። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ ወደ 600 ሜትር ያህል ነው የምትወርጂው። የደሴ ብርድ የያዘው ዕቃ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያልበዋል። ቤትሽ ስትደርሺ ሦስት ሰዓት ያህል ሳታበሪው አቆዪው። ስታስቀምጪውም በፌስታል አትጠቅልይው፣ እርጥበት ያፍናል። የጥጥ ነጠላ ወይም አንሶላ ይሻላል። ድንጋይ ውስጡ ትተሽ ደግሞ አንድ ሌሊትም አትደሪ።

ብሎኖቹን ሁሉ ከማጥበቅሽ በፊት 4 ወይም 5 ብቻ አስገብተሽ ድንጋይ ጨምሪበት። ከ1 እስከ 61 ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ፣ በለሆሳስ እየነካሽ ሂጂ። ከዚያ ከመሃል ዶ ተነስተሽ ባቲን ተጫወቺ። 36ኛዋ ከመለሰችልሽ ክዳኑን ዝጊው። ካልመለሰች የጠፍጣፋውን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ቀጥሎ የት እንደምትለኪ እኔ እነግርሻለሁ።